ድምፅ የሌላቸው ሁለት ነዋሪዎች

ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ከአርባ። ሰኞ ዕለትም በፈረቃው መጣ። ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ሁለት ጊዜ ያስላል፣ አየር ይተፋል፣ ቡናማ ውሃ ያወርዳል፤ ከዚያ ይጠራል። ቡናማው በሰማያዊው ባልዲ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ይውላል። የጠራው በሁለት ጄሪካን ይሞላል፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለማብሰያ። ሳህን የሚታጠበው በተረፈው ነው፤ ሰውም እንደዚሁ። አርባ ደቂቃ ስለማይበቃ ዕቃዎቹን ቀደም ብዬ በተርታ እደረድራለሁ።

ቧንቧው ሲያስል ፊቴን ወደ መኝታ ቤቱ አዙሬ፣ «ይነሱ፤ ውሃ መጥቷል» አልኩ። ከዚያ ጄሪካኖቹን ሞላሁ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ባለቤቴ ጋሽ ናሆም ካረፉ አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆኗል። በፈረቃ ጠዋት ቀድሞ የተነሳ ሌላውን መቀስቀስ የቤታችን ደንብ ነበር፤ ሁልጊዜ ቀድሜ የምነሳው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እጄ ሳላስበው ወደ ባልዲው እንደሚሄድ ሁሉ ቃሉም ሳላስበው ይወጣል።

ሰሚው ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። በሁሉም የኪራይ ቤት አንድ አለ። አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ እንደ ውሉ ነው። ያን ጠዋት ቢጫ ሆኖ አየሁት። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

ሦስት ሰዓት ላይ አከራዬ ልዑል በሩን አንኳኳ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቤቱን ከእናቱ የወረሰ ሰው ነው። አልገባም። ጣቱን ወደ ደረጃው ቀሰረ። ቁም ነገር የሚወራው ደረጃ ላይ ነው፤ ሰሚው እዚያ ድረስ አይሰማም። ጠዋት ጠዋት በየፎቁ ደረጃ ላይ ባልና ሚስት ቆመው ሲነጋገሩ ማየት የተለመደ ነው።

«ማዘር፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻሽን ማለት ስንት ነው?»

«ብቻዬን አንድ ነው፣ ልጄ።»

«አትቀልጂብኝ እንጂ። ለኔ ሦስት ነው የመጣልኝ።»

ስልኩን አሳየኝ። ጽሑፉ አጭር ነበር። «ቤት ቁጥር 4/17። በውል፦ 1። የተሰማ፦ 3። ድምፅ የሌላቸው ነዋሪዎች፦ ከ2 ያላነሱ።»

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ሃሴት ድንች በዘንቢል ይዛ እየወጣች ነበር። ቆመች፤ አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«እትዬ ኤልዳና! ሁለት ወንድ ደብቀሽ ነው? እኔ አንድ አጥቼ!»

ማንም አልሳቀም። ወዲያው ነገሩ ትዝ አላትና፣ «አፌን ይቁረጠው» አለች፤ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች፤ ግን አልሄደችም።

ልዑል ስልኩን ነካ አደረገ። የራሴ ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ፤ በሩቅ የውሃ ድምፅ አለው። «ይነሱ፤ ውሃ መጥቷል።» ቀጥሎ የሌላ ቀን። ቀጥሎ የሌላ ቀን። ድምፄ በሦስቱም አንድ ዓይነት ነው።

«እነማን ናቸው የሚነሱት?» አለኝ።

መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። አልመለስኩለትም።

«ስህተት ነው» አልኩ።

«ስህተት ከሆነ ሐሙስ በፈረቃው ሰዓት የቆጠራ ባለሙያዋ ስትመጣ ንገሪያት። ባለ አንድ መኝታ ከሁለት ሰው በላይ አይይዝም። ሦስቱ ከጸና ውሉ በራሱ ይቋረጣል፤ እኔ አይደለሁም የማቋርጠው። ከኔ እንዳይመስልሽ፣ ማዘር።»

«አይመስለኝም።»

በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ሌላ ቤት አይገኝም ማለት አይደለም። እኔ የምፈልገው ያንን ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለማያስታውስ ሰው፦ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ክርክሩ ውሃውን ማን ይክፈል የሚል ነበር። አከራዮች፣ የጠጣው ይክፈል ይሉ ነበር። ተከራዮች ደግሞ ቧንቧ እንደ በርና እንደ መስኮት የቤቱ አካል ነው፤ በር በገባሁና በወጣሁ ቁጥር አላስከፈልከኝም ይሉ ነበር። ተከራይ ሳይከፍል ይጠፋል፤ አከራይ ቆጣሪውን ይቆልፋል፤ ሰው በቦቴ ሲገዛ ይከርማል። ፊርማ ተሰበሰበ። በእኛ ሕንፃ ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። በር ለበር እየዞርኩ መቶ ሠማንያ አራት ሰው አስፈርሜአለሁ። በመጨረሻ ለጋሽ ናሆም ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የሚከፍል ሰው ይቆጥራል፣ ኤልዳና» አሉ። «ልዑል ውሃዬን ከከፈለልኝ፣ ስንት ሆነን እንደምንጠጣ የመጠየቅ መብት ሰጠሁት ማለት ነው። እኔ ብከፍል ይሻለኛል።»

«እርስዎ ይችላሉ። ያልቻለስ?»

«እሱ ነው የቸገረኝ» አሉና ፈረሙ።

ደንቡ ወጣ። አከራይ በውል ለተመዘገበ ነፍስ ሁሉ የውሃውን ይከፍላል። ያን ሳምንት በሕንፃው ግቢ እልልታ ነበር። በዓመቱ አከራዮች፣ ያልተመዘገበ ዘመድ እያስገቡ በእኛ ኪስ ያጥባሉ ሲሉ አቤት አሉ። በሁለተኛው ዓመት በየቤቱ ያለውን ነፍስ በድምፅ የሚቆጥረው ሰሚ ተለጠፈ። ድሮ ቆጣሪ የሚባለው ውሃ የሚቆጥር ነበር።

ሰው ለመደ። እንግዳ ውሃውን ከራሱ ቤት ጠጥቶ ይመጣል፤ ገብቶም ብዙ አያወራም። ለለቅሶ ሰሚው በፈቃድ ለሦስት ቀን ይሸፈናል፤ በአራተኛው ጠዋት ለቀስተኛው ተነስቶ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። የእኔም ለቅሶ እንደዚያ ነበር። «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ቤት የሚገባ ሰው የለም፤ አንድ ጎረቤታችን በዚህ ሰላምታ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቆጥሮባታል። አሁን ሁሉም «እንዴት አደርሽ» ይላል፤ ሌላው ሰው አጠገቧ ቢቀመጥም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የብዙ ቁጥር እንደሚያስጠይቅ አውቅ ነበር። «ይነሱ» የብዙ ቁጥር ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ለኔ አንድ ሰው ነው።

ሐሙስ የቆጠራ ባለሙያዋ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል መጣች። ኖላዊት ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን የጨረሰች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ የማታወርድ ሴት ናት። ልዑል ተከትሏት ገባ። ሃሴትም ገባች፤ ማንም አልጠራትም።

እኔ በሦስቱ ቀን ውስጥ ጉዳዩን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ጡረታ እስክወጣ በሜትሮሎጂ ሠርቻለሁ፤ የዝናብ ዘገባ መጻፍ ለምጃለሁ። አምስት መስመር ነው። «ይነሱ የሚለው ቃል በአክብሮት ለአንድ ሰው ይነገራል። የተነገረላቸው ሰው በሕይወት የሉም። የሞት ማስረጃ ተያይዟል» የሚል ነው። ያንን ጽሑፍ መስጠት ከመናገር ይቀለኝ ነበር።

ኖላዊት አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ማዘር፣ እኔ ገብቶኛል። ማሽኑ ነው ያልገባው። ሰሚው አማርኛ የተማረው ሰው በስልክ ከሚያወራው ነው። አሁን በስልክ እርስዎ የሚል ማን አለ? ‘ይነሱ’ ለሱ፣ እነሱ ይነሱ ነው። እነሱ ደግሞ ከሁለት አያንስም።»

«በሕይወት እያሉስ? ያኔም ይነሱ ነበር የምለው።»

«ያኔ መላሽ ነበረ። አንድ ሰው ጠርቶ አንድ ሰው ‘እሺ’ ካለ፣ ያልቃል። አሁን ጠሪ አለ፣ መላሽ የለም። የተደበቀ ሰው ስለማይመልስ፣ መልስ ያጣ ጥሪ ድምፅ ለሌላቸው ነዋሪዎች ይመዘገባል።» ወደ ሰሚው ቀና ብላ፣ «ቸኩሎ አይፈርድም» አለች፣ ስለ ሰው የምታወራ ያህል። «አርባ ፈረቃ ይጠብቃል። ስማቸው ከውሉ የወጣው በአርባቸው ማግሥት ነው አይደል? ከዚያ ወዲህ አርባ ፈረቃ ጠብቋል።»

«የሞት ማስረጃው?»

«እሱ መዝገቡን ነው የሚዘጋው። ይሄንን አይዘጋም» አለች፣ ግድግዳውን እያሳየች። «ይሄ የሚዘጋው በጠሪው ድምፅ ነው። እጠይቅሻለሁ፤ ትመልሻለሽ። ሦስት ጊዜ ይቀበላል። በሦስት ካልተዘጋ የጸና ተብሎ ያልፋል።»

ቧንቧው አሳለ። አየር ተፋ። ልዑል ሳይጠየቅ ሰማያዊውን ባልዲ ከሥሩ ደቀነ።

ኖላዊት ወደ ሰሚው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «በዚህ ቤት የተጠራው ነዋሪ የት ነው?»

«የሉም» አልኩ።

የያዘችው ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ አዙራ አሳየችኝ። «ነዋሪዎቹ ለጊዜው ወጥተዋል። ተመላሽ፦ 2።»

«ማዘር፣ ‘የሉም’ ስትይው እኮ፣ እነሱ የሉም፣ ወጣ ብለዋል ማለት ነው ለሱ።»

«ገባኝ።»

«በደንብ አስቢበት። በዚህ ቤት የተጠራው ነዋሪ የት ነው?»

«አርፈዋል።»

ሰሌዳው ጥቂት ቆየ። «ነዋሪዎቹ እረፍት ላይ ናቸው። በቤት ውስጥ የሚገኙ፦ 2።»

ሃሴት ሳቀች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ዓይኖቿ ግን መሳቃቸውን አላቆሙም፤ እንባም ነበረባቸው። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ ኤልዳና። ጋሽ ናሆም ቢሰሙት ኖሮ እኮ…»

እውነቷን ነው። ቢሰሙት ይስቁ ነበር። ለሳምንት ለሰው ሁሉ ይነግሩት ነበር።

«አንድ ቀርቷል» አለች ኖላዊት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በአጭሩ በይው። አንተ እንደምትይው ሰው። እንደ እኩያሽ። ሁለት ቃል ብቻ።»

ጋሽ ናሆምን ያወቅኋቸው ጣርማ በር በነበረው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በወሩ። እሳቸው የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያውን አንብቤ ስመለስ፣ «ድገሚው» ይሉኝ ነበር፤ ተመልሼ እደግመው ነበር። እርስዎ ማለት የጀመርኩት እዚያ ነው። ስንጋባም አልተውኩትም። እህታቸው፣ «ባልሽ ነው ወይስ አለቃሽ?» እያለች ትተርበኝ ነበር። «ተያት፣ ለምዳው ነው» ይሉ ነበር እሳቸው። አንድ ቀን ግን፣ ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ አንተ በይኝ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚሰማ ልወቀው።»

አፈርኩ። «ሌላ ጊዜ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አሉ።

ኖላዊት ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። «በዚህ ቤት የተጠራው ነዋሪ የት ነው?»

ውሃው ጠርቶ ነበር። ልዑል ባልዲውን አንስቶ የመጠጡን ጄሪካን ደቀነ፤ ድምፅ እንዳይፈጥር የቧንቧውን አፍ በእጁ ከልሎታል። ሁሉም የሚያዩት ሰሚውን ነበር። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ።

«ናሆም ሞተ» አልኩ።

መብራቱ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልሶች ለመረዳት ጊዜ ወስዶበት ነበር፤ ይሄኛው ምንም አልፈጀበትም።

«ተዘጋ» አለች ኖላዊት። «በውል አንድ፣ በቤት አንድ።» ቦርሳዋን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ማዘር፣ ከእንግዲህ ግን ጠዋት ጠዋት…»

«አውቃለሁ።»

«መዝገቡ ላይ ሞተ ተብሎ ገብቷል። ደግሞ ከተጠራ፣ ሌላ ሰው ገብቷል ማለት ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ወጣች። ሃሴት ወደ እኔ መጣችና ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው፤ እሷም ወረደች፤ የሷም ውሃ እየፈሰሰ ነበር። ልዑል ሁለቱን ጄሪካን ሞልቶ ክዳናቸውን አጥብቆ በቦታቸው አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ጣቱን ወደ ደረጃው ቀሰረ።

ተከትዬው ወጣሁ። በሩን ራሱ ገርበብ አደረገው።

«እኔም ተከራይ ነኝ፤ ታውቂያለሽ» አለ። «ያንቺ ኪራይ ነው የኔን የሚከፍለው።»

«አውቃለሁ።»

«የሚስቴ አባት እኛ ዘንድ ናቸው። ሁለት ዓመታቸው።» ድምፁ ለመስማት እስኪያስቸግር ድረስ ዝቅ አለ። «አልተመዘገቡም። አይናገሩም። ልጆቹ በእጃቸው ነው የሚያወሯቸው። ትንሿ እኮ አያቷ መናገር የማይችሉ ነው የሚመስላት። ባለፈው፣ ‘አባ ለምንድን ነው የማይሰሙት?’ አለችኝ። ይሰማሉ እኮ፣ ማዘር። ሁሉንም ይሰማሉ።»

«ደህና ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናቸው። ከስተዋል።» አንድ ደረጃ ወረደና ቆመ። «ሰኞ ስሰማሽ ገብቶኝ ነበር። ለማን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን ያንቺ ቢጫ እኔም ስልክ ላይ ሲበራ፣ ፈራሁ። አጣርተው አጣርተው ወደ እኔ ቤት እንዳይመጡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ከላይኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሌላ ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ልዑል ሰዓቱን አየ። አሥራ ሁለት ከአርባ ሊሆን ነበር። «በይ ደህና ዋይ» አለኝ። ጥቂት ወርዶ፣ ከታች ሆኖ፣ ማንም የማይሰማበት ቦታ መሆኑን ካየ በኋላ፣ «ደህና ይዋሉ» አለ።

ወደ ቤት ስመለስ ቧንቧው ቆሞ ነበር። ፊቴን አልታጠብኩም። ለሳህን ማጠቢያ የሚሆነውን ድስትም ሳልሞላው ቀርቻለሁ። ያን ቀን ሳህኖቹን በማብሰያው ውሃ አጠብኩ።

ፊርማውን ስላሰባሰብኩበት ወረቀት አስቤአለሁ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዛሬም በየደረጃው እየዞሩ ውሃውን ተከራይ ራሱ ይክፈል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ባለፈው ሳምንት አንዷ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያስፈረምኩት ሰው፣ ልጆቹን በጠርሙስ ውሃ የሚያጥብ ሰው፣ ዛሬም ሁለት ፎቅ ከበላዬ ይኖራል፤ መክፈል ዛሬም አይችልም። ልፈርም አልቻልኩም። አልፈርምም ለማለትም አልቻልኩም። ወረቀቱን ተይልኝ አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ነው።

እሑድ ውሃ በሰዓቱ መጣ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አሳለ። ፊቴ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረ፤ አፌም ተከፈተ፤ ዘጋሁት። ቡናማውን በሰማያዊው ባልዲ፣ የጠራውን በሁለቱ ጄሪካን ተቀበልኩ። ድስቱን ሞላሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ከአርባው ደቂቃ ሰባት ተረፈኝ፤ ከዚህ በፊት ተርፎኝ አያውቅም። ሰሚው አረንጓዴ ነው። ባልዲው፣ ጄሪካኖቹ፣ የመኝታ ቤቱ በር፣ ሁሉም በቦታው አለ። በቤቱ የጎደለው «ይነሱ» የሚለው ቃል ነው።